የዶክተር ፔኒሲማኒ ሁለት ብልቃጦች

የሞቱሌቫ ደሴት ሰው ዶክተር ፔኒሲማኒ ፌሆኮን ሲያማ ቁጡ ነው ይላል፣ ግትር ነው ይላል፤ ውሸታም ነው ያለው ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ከዋና ከተማው ከኑኩአሎፋ ሥልጠና ሲመለስ፣ "የምስክር ወረቀቱስ የታለ?" ሲሉት፣ "በመርከብ ይመጣል" ብሎ መመለሱን ማንም አልተጠራጠረም። የእኛ መርከብ የሙሽራ ልብስ የበኩር ልጅ ከተወለደ በኋላ ያደረሰ መርከብ ነው። አንድ ወረቀት ቢዘገይበት ማን ይገረማል?

ወረቀቱ ግን በየትኛውም መርከብ ላይ አልተጫነም። ዶክተሩ ፈተናውን ወድቆ ነበር።

ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው። የጀልባ ሠሪ ልጅ ነው። ፊጂ ሄዶ ሕክምና ተምሮ ከተመለሰ ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የደሴቲቱን የድንገተኛ ክፍል ይዞ ኖሯል። ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው፤ መስኮቱ ወደ ወደቡ ይከፈታል። ከኮኮናት ዛፍ የወደቀው፣ መንጠቆ መዳፉን የበሳው፣ ምጥ የጠናባት፣ ዓሣ የመረዘው፣ ሁሉም በእጁ አልፏል። በሞቱሌቫ ሸሚዙን አውልቆ የዶክተሩን ስፌት የማያሳይ ወንድ ጥቂት ነው።

ሆኖም አዲስ ደንብ ወጣ። የድንገተኛ ክፍል የሚመራ ሐኪም ሁሉ በየሦስት ዓመቱ ዋናው ደሴት ሄዶ ለሦስት ቀን ይሠለጥናል፣ ይፈተናል። የወደቀ በዓመቱ አንድ ጊዜ ይደገምለታል። ያኔም ከወደቀ ተመላላሽ በሽተኛ ያያል እንጂ ድንገተኛ ክፍል አይገባም። የሞቱሌቫ ሁለተኛ ሐኪም ገና ከትምህርት የመጣ ስለሆነ ብቻውን መምራት አይፈቀድለትም። እንግዲህ ክፍሉ ይዘጋል፣ የጠናበት ሁሉ በአውሮፕላን ይላካል ማለት ነው። አውሮፕላኑ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል። እሑድ አይበርም። ሰው ደግሞ እሑድም ይታመማል።

ፔኒሲማኒ ይህን ለሚስቱም አልነገራትም። ዓመቱን ሙሉ መርከብ ወደብ በገባ ቁጥር አንድ ሰው በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ "ዶክተር፣ ዛሬስ መጣ?" ይለዋል። እሱም ጎንበስ ብሎ የማይፈለግ ነገር መፈለግ ይጀምራል።

ለድጋሚው ሲሄድ ነርሷን ሱሊዬቲን ይዟት ሄደ። ባለፈው ዓመት የወደቀው ከማያውቃት ነርስ ጋር ስለተመደበ ነው ብሎ ራሱን አሳምኖ ነበር። በፈተናው ላይ ለሚንቀጠቀጥ ሕፃን የሚሰጠው መድኃኒት ሁለት ጊዜ ተሰጠ፤ ያም ጣለው። ከሱሊዬቲ ጋር ግን አሥራ ሰባት ዓመት አብረው ሠርተዋል። እሱ እጁን ሲዘረጋ መቀሱ መዳፉ ላይ ነው። "ጨረስሽ?" ሲላት ቅንድቧ ብድግ ይላል፤ አለቀ። እኛ ዘንድ ቅንድብ ብድግ ካለ አዎ ማለት ነው፤ በትልቅ ሰው ፊት አፍ ከማብዛት ቅንድብ ይሻላል ተብለን ነው ያደግነው። "ከእሷ ጋር እንኳን አሻንጉሊት፣ የሞተ ሰው አስነሳለሁ" ብሎ ነበር በልቡ።

ሥልጠናው የተሰናዳው በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነው። አግዳሚዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፤ መሐል ላይ አልጋ፣ አልጋው ላይ የሕፃን አሻንጉሊት ተኝቷል። በር ላይ የተቀበለው የፊጂ የትምህርት ጓደኛው ዶክተር ኡአይሴሌ ነው። ዘንድሮ ለአሠልጣኟ ረዳት ሆኗል።

"ፔኒ፣ ምስኪኑን አሻንጉሊት ዘንድሮ ደግሞ ልትጨርሰው መጣህ?"

"አንተን ሳላስቀድም አልነካውም።"

"እኔንስ ተወኝ፤ የመጣሁት ለምሳው ነው። ሉ አለ ብለውኛል፣ ሥጋው በቅጠል ተጠቅልሎ በኮኮናት ወተት የበሰለ።" ወደ ሱሊዬቲ ዞረ። "አንቺ፣ ይህን ሽማግሌ በገመድ አስረሽ ነው ያመጣሽው?"

"እሳቸው ናቸው እንጂ እኔን ያሰሩኝ" አለች ሱሊዬቲ መሬት መሬት እያየች።

አሠልጣኟ ዶክተር ካሎላይኔ የፔኒሲማኒ ሚስት የእህት ልጅ ናት። ተማሪ ሳለች ሦስት ወር ቤቱ ተቀምጣለች፤ የመጀመሪያዋን ስፌት ያሰፋት እሱ ነው። አሁን ፋይል ይዛ ከፊቱ ቆማለች። ዝምድናው ይረዳዋል ብሎ ያሰበ ሰው ካለ እሷን አያውቃትም።

"አጎቴ፣ እርስዎ መሪ ነዎት" አለችው። "ሕፃኑ ይንቀጠቀጣል። ዓይንዎን ከደረቱ እንዳይነቅሉ፤ ትንፋሹን የሚጠብቅ ሌላ ሰው የለም።"

ሱሊዬቲ በቀኙ ቆመች። በግራው ከከተማው የተሰጠው አንድ ነርስ ቆመ። ፔኒሲማኒ ዓይኑን ደረቱ ላይ ተከለ።

"መድኃኒቱን ስጪ" አለ።

ሱሊዬቲ ሰጠች።

"ሰጠሽ?"

ቅንድቧን ብድግ አደረገች። እሱ ግን ደረቱን እያየ ነው። ድምፅ አልሰማም። ዝምታውን 'ገና ነኝ' ብሎ ተረጎመው፤ ጊዜው ደግሞ ይሮጣል። በግራ ወዳለው ነርስ "አንተ ስጥ፣ ቶሎ" አለ። ነርሱም ሰጠ።

ካሎላይኔ እጇን አነሳችና አስቆመቻቸው።

"አጎቴ፣ ስንት ሰጣችሁ?"

"አንድ።"

ወደ ሳህኑ ብቻ ጠቆመች። ሳህኑ ላይ አንገታቸው የተሰበረ ሁለት የመስታወት ብልቃጦች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

"ይህ ልምምድ ነው" አለች ካሎላይኔ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው። ለሁለታችሁም ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናንተ በጣም ስለምትግባቡ ነው የምትሳሳቱት።"

ሰዉ ወደ ምሳ ሄደ። ፔኒሲማኒ ግን ከሳህኑ ዓይኑን ማንሳት አቃተው። እነዚያን ሁለት ብልቃጦች ያውቃቸዋል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ልክ እንደዚህ ጎን ለጎን ተኝተው አይቷቸዋል።

ያኔ እሑድ ቀትር ነበር። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ የመሬቱን ምድጃ ከፍቶ ምግቡን እያወጣ ሳለ፣ ፉሲ የምትባል ምንጣፍ ሠሪ የሦስት ዓመት ልጇን ሲያሌን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ልጅቷ በትኩሳት ትንቀጠቀጣለች። ፔኒሲማኒ አዘዘ፣ ሱሊዬቲ ሰጠች፤ እሱ የልጅቷን ደረት እያየ "ሰጠሽ?" አለ፤ መልስ ያልሰማ መሰለውና ዛሬ ጡረታ የወጣውን ሌላውን ነርስ "አንተ ስጥ" አለው። መንቀጥቀጡ ቆመ። ትንፋሿም አብሮ ቆመ።

አርባ ደቂቃ ሙሉ በእጅ በሚጨመቅ ፊኛ አየር ሰጧት። እናትየው በሩ ላይ ተደፍታ ትጸልይ ነበር። በአርባኛው ደቂቃ ልጅቷ በራሷ ተነፈሰች፣ አለቀሰችም። ደሴቲቱ ተአምር ነው አለች። ፉሲ በሳምንቱ ትልቅ ምንጣፍ ሠርታ አመጣችለት። ፔኒሲማኒ ግን ያን ቀን ሳህኑን አይቶ ነበር። ሁለቱን ብልቃጦች በፋሻ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። መዝገቡ ላይ "አንድ" ብሎ ጻፈ። ብልቃጦቹ እስከ ዛሬ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በጽሕፈት ጠረጴዛው መሳቢያ አሉ። ምንጣፏ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሥልጠናው ቀደም ብሎ ሲያልቅ፣ ሱሊዬቲን ወደ ባሕሩ ግንብ ወሰዳት። እሷ በወረቀት የተጠቀለለ የተጠበሰ ሊጥ ገዝታ ነበር፤ ግንቡ ላይ ተቀምጣ ትበላለች። አንድ ዓሣ አጥማጅ ትንሽ ራቅ ብሎ መረቡን ይጠግናል።

"ሱሊዬቲ፣ ነገ አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ።"

ቅንድቧን አነሳች።

"ይኸው። ይኸው እኮ ነው የምልሽ።"

"ምነው ዶክተር፣ እሺ አልኩ እኮ።"

"በምንሽ አልሽ?"

በሳቅ ሊጡ ሊያንቃት ደረሰ። "በቅንድቤ።"

"ቅንድብሽን ነገ እቤት ትተሽው ነይ። ጩኺብኝ።"

"በእርስዎ ላይ? አባቴ ከመቃብሩ ተነስቶ በዱላ ያባርረኛል።"

"ከአባትሽ ጋር እኔ እነጋገራለሁ።"

"ባሌ ላይ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እሱን ከደሴቲቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ያሰማሁት ቀን አለ።"

"ሰምቻለሁ። ያን ቀን ያከምኩት እኔ ነኝ።"

"ጆሮውን ነው ያከሙት ወይስ ልቡን?"

"ኩራቱን። አልዳነም።" ፈገግ ሊል ሲል ተወው። "በይ። መድኃኒቱን ስጪ።"

"ሰጠሁ" አለች በሹክሹክታ።

"ባሕሩ እንኳ አልሰማሽም። መድኃኒቱን ስጪ።"

"ሰጠሁ ዶክተር። አንድ ብልቃጥ ሰጠሁ።"

ዓሣ አጥማጁ ቀና ብሎ አያቸውና ወደ መረቡ ተመለሰ።

"አሁንም አልሰማሁም። ስንት ሰጠሽ?"

ሱሊዬቲ ወረቀቱን ጨብጣ ወደ ባሕሩ አየች። ቀጥሎ የወጣው ድምፅ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሰማው የኖረው ድምፅ አልነበረም።

"ሁለት።"

"አንድ ነው ያዘዝኩሽ።"

"ሁለት ነበሩ ዶክተር። የሲያሌ ጊዜ። ሁለት ነበሩ።"

ማዕበሉ ግንቡን ሦስት ጊዜ ያህል መታ።

"አይተሽ ነበር?" አለ በመጨረሻ።

"ሳህኑን የማጥበው እኔ አይደለሁም? ላጥብ ስመጣ ባዶ ነው። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ቆጠርኩ፤ ሁለት ጎድሏል። መዝገቡ ላይ ግን የእርስዎ እጅ አንድ ይላል።" አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "የዕቃው ደብተር ደግሞ በእኔ እጅ ነው። ሌላዋን 'ወድቃ ተሰብራለች' ብዬ ጻፍኩ። ያልተሰበረችውን። ዘጠኝ ዓመት እዚያው አለች።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም?"

እሷ አንዴ የተከፈተ አፏን አልዘጋችም።

"ያን ቀን 'ሰጠሽ?' ሲሉኝ ቅንድቤን አንስቼ ነበር። እንዳላዩኝ አየሁ። አፌን ልከፍት ስል፣ ትልቅ ሰው ሥራ ላይ ነው አልኩና ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ልጅቷ መዘምራን መሐል ቆማ ሳያት ዓይኔን የማሳርፍበት ይጠፋኛል።"

ፔኒሲማኒ ብልቃጦቹ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳሉ ነገራት። እሷም ሊጡን ቆርሳ ግማሹን ሰጠችው። ያን ዕለት እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አደረ። የሚያስጨንቀው ግን ፈተናው ብቻ አልነበረም። ቢያልፍስ? ቢያልፍ፣ ያን ሁሉ ደብቆ እዚያው አልጋ አጠገብ ሊቆም ነው።

በፈተናው ቀን አልጋው ላይ የአዋቂ ሰው አሻንጉሊት ተኝቶ ነበር።

"ዓሣ በልቶ ነው" አለች ካሎላይኔ። "ከንፈሩና ምላሱ አብጧል፣ መተንፈስ ያቅተዋል፣ ደሙ ወርዷል። ጀምሩ።"

ፔኒሲማኒ ምን እንደሚሰጥ ያውቃል፤ መቶ ጊዜ ሰጥቶታል። ነገር ግን የካሎላይኔ እስክሪብቶ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ልቡ ወደዚያ ይሄዳል፣ የወደቡ ሰዎችም "መጣ ወይ?" እያሉ በጆሮው ይጮኹበታል።

"አድሬናሊን" አለ። "ግማሽ ሚሊ። በደም ሥር ስጪ።"

ዝምታ ሆነ።

ዓይኑን ከአሻንጉሊቱ ፊት አላነሳም። ዝምታውን ግን ሰማው። እንዲህ ያለ ዝምታ ሲሰማ ያደርግ የነበረው ትእዛዙን ወደ ሌላ ሰው ማዞር ነው። ዛሬ ግን ጠበቀ።

"ዶክተር፣ አይሆንም" አለች ሱሊዬቲ።

የኡአይሴሌ እጅ ሻዩ ላይ ቀረ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን እስከ መጨረሻው አግዳሚ ደረሰ።

"በደም ሥር አይደለም። በጭኑ ሥጋ ነው። ይህን ያህል በደም ሥር ከሰጠነው ልቡን እናቆመዋለን።"

ፔኒሲማኒን ሃያ ስድስት ዓመት ማንም በሰው ፊት 'አይሆንም' ብሎት አያውቅም። አንድ አፍታ አንገቱን ሊገትር ዳዳው። ከዚያ ሳህኑ በዓይኑ መጣበት።

"ልክ ነሽ" አለ። "ተሳስቻለሁ። በጭኑ ስጪ፤ ስትሰጪ ንገሪኝ።"

"በጭኑ ሰጠሁ። ግማሽ ሚሊ፣ አንድ ጊዜ። ሰዓቱ አራት ከሩብ።"

"ሰማሁ። አንድ ጊዜ፣ አራት ከሩብ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እጁ ራሱ የሚያውቀው ነበር።

ፔኒሲማኒ ውጤቱን ለመስማት ደጅ ላይ ሲጠብቅ ኡአይሴሌ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልድበት አጣ መሰል ሻዩን ብቻ አቀበለው። ካሎላይኔ ስትወጣ ፋይሉን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር።

"አጎቴ፣ ሰው የሚገድል ስህተት ሠርተዋል።"

"አውቃለሁ።"

"ስህተቱ ግን በሽተኛው ላይ አልደረሰም። ነርስዎ አስቆመችዎ፣ እርስዎም ቆሙ። ባለፈው ዓመት ቢሆን አይቆሙም ነበር። አሁን ምን ልጻፍ?"

"ያየሽውን ጻፊ። ዘመድ ነው ብለሽ አንዲት ቃል እንዳታጎድዪ።"

"ጽፌዋለሁ። ስህተቱንም፣ ማለፍዎንም።" ፋይሉን ዘጋች። "ወረቀቱ በመርከብ ይመጣል።"



ወረቀቱ በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን፣ በእርግጥም በመርከብ መጣ። የወደቡ ሰዎች እየተሳሳቁ እስከ ክፍሉ አመጡለት። "ይህ መርከብ ዓመት ካልፈጀ አያደርስም" አለ አንዱ። "መርከቡን አትሙት" አለ ፔኒሲማኒ። "ባለፈው ዓመት ወድቄ ነበር። የሚመጣ ወረቀት አልነበረኝም።" ሰዎቹ ፊቱን አዩት፣ ሊቀልድ መስሏቸው ጠበቁት፤ አልቀለደም። አንድ በአንድ ወጡ።

ከዚያ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከመሳቢያው አወጣና ሱሊዬቲን ጠራት። ሁለቱም የወገብ ምንጣፋቸውን ታጠቁ፤ ለቅሶ ወይም ይቅርታ የሚሄድ ሰው ያለዚያ አይሄድም። የፉሲ ቤት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። ፉሲ ከደጇ ተቀምጣ ምንጣፍ ትሠራለች። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ሲያሌ ከጓደኞቿ ጋር ኳስ ትቀባበላለች፤ ትሮጣለች፣ ትጮኻለች። ፔኒሲማኒ ትንፋሿን በሩቁ ሲቆጥር ራሱን ያዘው።

መሬት ላይ ተቀመጠ። ቆርቆሮውን ከፍቶ ሁለቱን ብልቃጦች ፉሲ ፊት አኖረ። ምንም ሳያለዝብ ነገራት። ተአምር አልነበረም አላት፤ ትንፋሿን ያቆምነው እኛ ነን፣ የመለስነውም እኛ ነን፣ ከዚያ ደበቅነው። ሱሊዬቲም የራሷን ተናገረች፤ ያልተሰበረችውን የተሰበረች ያለችበትን ደብተር።

የፉሲ እጅ ቆመ። ልጇን አየች፣ ብልቃጦቹን አየች።

"ልጄ ላይ አሁን የቀረ ጉዳት አለ?"

"የለም። በየዓመቱ መርምሬያታለሁ።"

"ለዚህ ነበር እንግዲህ ትምህርት ቤት እየመጣህ መጀመሪያ እሷን የምታይልኝ። እኔ ስለምትወዳት መስሎኝ።"

"ስለምወዳትም ነው።"

ፉሲ ከዚያ አንድ ሰበዝ አነሳችና ሥራዋን ቀጠለች፤ እጇ ግን መስመሩን ስቷል።

"አባቷ ባሕር ላይ ነው። ዓርብ ይመለሳል። እኔ ብቻዬን ሰምቼ የምመልስልህ ነገር አይደለም።"

"ዓርብ እመጣለሁ። ትሰሙኛላችሁ?"

ፉሲ ቅንድቧን አነሳች።

"ፉሲ፣ እህቴ" አለች ሱሊዬቲ ቀስ ብላ፣ "በአፍሽ ንገሪው።"

"እንሰማሃለን አልኩ። ዓርብ ኑ።" ፔኒሲማኒ ቆርቆሮውን ሊያነሳ ሲል እጇን ዘርግታ ከለከለችው። "እሱን ተወው። አባቷ ይየው።"

ዶክተሩ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ከመስኮቱ ጎን ግድግዳው ላይ ምስማር መታ። ወረቀቱን ግን 'ዓርብ ይለፍ' ብሎ አልሰቀለም፤ ባዶው መሳቢያ ውስጥ አስገባው። ሱሊዬቲ የዕቃውን ደብተር አውጥታ የዛሬ ዘጠኝ ዓመቱን ገጽ ስትፈልግ ቆየችና አገኘችው።

"ዶክተር፣ ምን ብዬ ላርመው?"

"የሆነውን።"

"ጮክ ብዬ ላንብብልዎ?"

"ጮክ ብለሽ" አለ፣ ወደ ወደቡ እያየ። ዓርብ ሦስት ቀን ቀርቶታል።